ያልተቀበልኩት ስንኝ

እናቷ በእንቅልፍ ላይ ሳለች አለፈች ብላ የተጽናናችን ልጅ፣ የለም፣ ነቅታ ነበር ብሎ መንገር ደግነት ነው ወይስ ጭካኔ? ሳህን ሳጥብ ራሴን እጠይቃለሁ፤ አውቶቡስ ስጠብቅ እጠይቃለሁ፤ ጸሎቴ ላይ አንስቼው ሳልጨርሰው እንቅልፍ ያሸንፈኛል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ጥያቄው ራሱ ከሬዲዮ ወጥቶ ወጥ ቤቴ ድረስ መጣብኝ።

ቦሎቄ እያጠብኩ ነበር። የልጄ የሮንዳ ልጅ ታንሲ ለምሳ እንደምትመጣ ነግራኛለች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሬዲዮ ላይ ስለምትቀርብ እንዳያመልጠኝ ደጋግማ ደውላለች። ሬዲዮውን ከማቀዝቀዣው ላይ አውርጄ መስኮቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ እኛ ሰፈር ኮረብታው ስለሚከልል፣ ከመስኮት ከራቀ ከወንዙ ማዶ ያለው የኬንተኪ ጣቢያ እየገባ ይረብሻል። ቤቴ ጠባብ ናት፤ ፊቷ መንገድ፣ ጀርባዋ ገደል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከተራራው አገር ወርደን እዚህ ሲንሲናቲ የሳሙና ፋብሪካ ስንቀጠር፣ ለጊዜው ነው ብሎ የተከራያት ቤት ናት። ለጊዜው እንዳልን ሮንዳን ወለድንባት፣ አሳደግንባት፣ እሱም ሮንዳም ከዚችው ቤት ወጥተው ተቀበሩ። ሮንዳ የታመመችበት ክፍል ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ነው። በሩን አሁን ዘግቼዋለሁ፤ ብርድ ስለሚያስገባ ነው እላለሁ ለጠየቀኝ።

ጠያቂው ሰውዬ ፈገግታው በድምፁ የሚሰማ ዓይነት ነው። «ታንሲ፣ እስኪ ንገሪን፣ ይሄ ሙዚቃሽ ከየት መጣ? ማንን እየሰማሽ አደግሽ?» አላት። ታንሲ ትንሽ ሳቀችና፣ «ሰው ሁሉ የታላላቅ ዘፋኞች ስም እንድጠራለት ይጠብቃል» አለች። «እኔ የሰማሁት የአያቴን ማቀዝቀዣ ነው። ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ሲያርፍ ይተነፍሳል፤ ምቱን ከሱ ነው የተማርኩት። እናቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበረች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከኋላዋ አስቀምጣኝ ቀኑን ሙሉ ትዞራለች። ፍሬኑ በየፌርማታው አንድ ዓይነት ድምፅ ይጮኻል። የመጀመሪያ ዘፈኔ ከዚያ ድምፅ ነው የሚነሳው፤ ዛሬም ጊታሬን የምቃኘው በሱ ነው።» እኔ ቦሎቄውን ትቼ እጄን በሽርጤ ጠረግሁ። ማቀዝቀዣዬን ቀና ብዬ አየሁት። ይሄ አሮጌ፣ በወር አንዴ ውሃ የሚተፋብኝ፣ ሬዲዮ ላይ ተወደሰ።

ሰውዬው ደግሞ፣ «ድምፅሽ መሃል ላይ ድንገት ወደ ላይ የሚሰበርበት ነገር አለ፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። ከማን ወሰድሽው?» ሲላት፣ «አላውቅም፤ ከጉሮሮዬ ጋር አብሮኝ የተወለደ መሰለኝ» አለችው። «ዋናው ነገር እኔ የተስተካከለ ዘፈን አልወድም። ስህተቱን ነው የምፈልገው። ሰው ሲጠነቀቅ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ሲሳሳት ነው ራሱን ሆኖ የሚገኘው። ስቱዲዮ ስገባ የተሳሳትኩበትን አስቀሩልኝ እላለሁ፤ ትክክሉን ጣሉት።» ይሄን ስትል ኮራሁባት፤ ውሸት አልናገርም። ልጅ ሆና በተሳሳተች ቁጥር ታለቅስ የነበረች ልጅ ናት። ከዚያ ቀጠለች። «አዲሱ ዘፈኔ ራሱ ስህተት ነው። የአያቴ ስህተት።»

እንዲህ ነበር ያለችው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም። «አያቴ ቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ መሣሪያ የለም። አንድ ሰው ስንኙን ቶሎ ብሎ ያወጣል፣ ሌላው ያንኑ ስንኝ እየጎተተ፣ እያሳረፈ ይቀበላል። እናቴ ልታልፍ ስትል አያቴ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ትዘምርላት ነበር። ሌላ ሰው ስላልነበረ ራሷ ታወጣለች፣ ራሷ ትቀበላለች። እኔ በሩ ውጭ ሆኜ በስልኬ ቀዳኋት። የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣች፣ ተቀበለች። ሁለተኛውን አወጣችና መቀበሉን ረሳችው። ዝም። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሦስተኛው ሄደች። ደንግጣ፣ አዝና፣ አርጅታ ረሳችው። ዘፈኑ ያንን መርሳት ነው። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ በጊታሬ እገባለሁ።» «እናትሽስ?» አላት ሰውዬው። «እናቴ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ እንቅልፍ ላይ ነበረች። ምንም አልሰማችም፣ ምንም አላወቀችም። እሱ ነው የሚያጽናናኝ።» ዛሬ ማታ መሃል ከተማ ባለው አሮጌ ቲያትር ቤት እንደምትዘፍን፣ እኔም አብሬያት መድረክ ላይ እንደምወጣ ተስፋ እንደምታደርግ ነገረችው። እኔ ይሄን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ዘፈኑን ለቀቁት፤ የገዛ ድምፄ ከመስኮቱ ሥር መጣ።

*ቀኑም አዘቀዘቀ፣ ጉልበቴም ደከመ፣* አልኩ በሬዲዮው። ተቀበልኩትም። *ደጁ ላይ የቆመው፣ ስሜን ደጋገመ፣* አልኩ። ከዚያ ዝም። ዝም ያልኩበት ቦታ ላይ ጊታር ገባ።

አልረሳሁም። ያን መዝሙር ለመርሳት መጀመሪያ ስሜን መርሳት አለብኝ። ሮንዳ ሦስት ቀን ዓይኗን አልከፈተችም፤ እሱ እውነት ነው። ታንሲ ሦስቱንም ቀን እጇን ይዛ፣ «አንድ ቃል ብቻ፣ እማዬ፣ አንድ ቃል» እያለች ስትለምናት ነበር። ደከማትና ተነስታ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። እኔ መዝሙሩን ያወጣሁት የሚቀበል አለ ብዬ አልነበረም። የመጀመሪያውን ራሴ ተቀበልኩ። ሁለተኛውን ሳወጣ ግን ሮንዳ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔ ምን ላድርግ? ቦታውን ለቀቅሁላት። ተቀባይ ሲኖር አውጪ አፉን ይዘጋል፤ ሕጉ ነው። ስንኙን በትንፋሿ ተቀብላ እስክትጨርስ ጠበቅኋት፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ሄድኩ፤ እሷ ግን ዓይኗን መልሳ ከድናው ነበር። ሮንዳ ዕድሜ ልኳን የቤተ ክርስቲያን አባል አልሆነችም፤ ልትጠመቅ ነው ስንል ፈረቃ አለብኝ ትላለች። ያቺ አንዲት ስንኝ ነች ከልጄ የቀረችኝ፤ ተስፋዬም ያለው እሷው ውስጥ ነው። ታንሲን ጠርቼ ላሳያት አፌን የከፈትኩት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር። ግድግዳ ነው የለያቸው። ይሄን እንዴት አድርጌ ልንገራት? ስትለምናት የነበረው ቃል ስልክሽን ይዘሽ ከበሩ ውጭ ሳለሽ መጣ ልበላት?

ዘፈኑ ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ። ታናሽ እህቴ ኦፓል ናት።

«ኦቬላ፣ ምድጃውን አጥፍተሻል?»

«ገና መች ለኮስኩትና ነው የማጠፋው?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው። እየረሳሽ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም? ከሬዲዮ ነው የምሰማው? የጎረቤቴ የዶሪን አማች እንደዚሁ ነው የጀመራት፤ አንድ ቀን በሌሊት ልብሷ ባንክ ተገኘች።»

«ባንክ ምን ልታደርግ ሄደች?»

«እሱንማ እሷም አታውቅም። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ስልኩን የምዘጋበት ቀን ነው» አልኳት፤ ዘጋሁትም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል እንደ ሕፃን ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየቆራረጠች ደህና አደርሽ አለችኝ። ከተማው ሁሉ ሰምቶታል ማለት ነው። ሰው የኔን መርሳት ሊያይ ለአንድ ወንበር ሠላሳ ዶላር ይከፍላል፤ በዚያ ዋጋ ስንት ካርቶን እንቁላል ይመጣል፣ እንቁላሉም እንዲህ ተወዶ። ቢሆንም ነገሩን ሳስበው ቀለለኝ። ረሳች ይበሉኝ። እኔ ዘንጊ ከሆንኩ ሮንዳ ተኝታለች፤ ሮንዳ ተኝታ ከሆነ ታንሲ እንቅልፍ ይወስዳታል። ምን ከበደኝ? አረጀች ተብዬ ማንን ላገባ ነው።

ያም ሆኖ ልቤ አላረፈም። ቦሎቄውን በአሳማ አጥንት ጥጄ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጌ፣ አዎ፣ ዝቅ ማድረጌንም ደግሜ አይቼ፣ ቁልቁል ወንድም ሄርሼል ጋራዥ ሄድኩ። ወንድም ሄርሼል የቤተ ክርስቲያናችን ስንኝ አውጪ ነው። ከፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሰፈሩን የሣር ማጨጃ ሁሉ ይጠግናል። ቁጭ ብሎ ምላጭ እየሳለ አገኘሁት። የማወራውን ስላጣሁ ማጨጃዬ አልነሳ ብሎኛል አልኩት።

«እህት ኦቬላ፣ ማጨጃዎን ባለፈው ወር ለሰፈሩ የታዳጊዎች ማዕከል ሰጥተውታል፤ እኔው ነኝ ጭኜ የወሰድኩት» አለኝ።

«እንግዲህ እየረሳሁ ነው ማለት ነው።»

«ሚስቴም ከሬዲዮ ሰምታ ነገረችኝ። አላመንኳትም።» ሞረዱን አስቀመጠ። «እኔ ስንኝ ሳወጣ ሃምሳ ሰው ይቀበላል፤ ከሃምሳው መሃል የናንተን ቤት ሰው ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ሌላው ሁሉ ወደ ታች የሚሰብረውን እናንተ ወደ ላይ ትሰብሩታላችሁ። እናትዎ እንደዚያ ነበሩ፣ እርስዎም እንደዚያው። ‹ስሜን› የሚለው ቃል ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ታደናቅፉናላችሁ። ዕድሜ ልኬን እግዜር ትዕግሥት ስጠኝ እላለሁ። እሱን የሚረሳ ሰው አይደሉም እርስዎ።»

ሞረዱን ገፋ አደረገና በዝግታ፣ «አውጪ ዝም የሚለው ተቀባይ ሲያገኝ ነው» አለ። «ሮንዳ ተቀበለች እንዴ?»

ፊቴን ቀና ብሎ አየ። ቆቡን ከራሱ አነሳና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። እዚያው የነዳጁ ሽታ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩትን ግን በመሐረብ ሳይሆን በእጄ ነው የጠረግሁት፣ መሐረብ ካወጣሁ ለቅሶ ይሆናል ብዬ። አባል ላልሆነ ሰው የመጨረሻ ስንኝ ይቆጠርለታል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ የማጨጃ ሐኪም ነኝ፤ እሱን የሚቆጥረው ያውቃል» አለኝ። ለታንሲ ልንገራት ወይስ ይቅር ብዬም ጠየቅሁት። ምላጩን አንስቶ ገልበጥ፣ ቀና አደረገው። «ልጅቱ ጊታሯን ይዛ ነው የምትመጣው?» «አዎ።» «እንግዲህ ጊታር ያለበት ጉዳይ ላይ እኔ ምክር ብሰጥ ሽማግሌዎቹ ይጠይቁኛል» አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። መንገዱን ወደ ላይ ስመለስ ግን ቆርጬ ነበር፤ አልነግራትም። መድረክም ውጪ ካለችኝ እወጣለሁ። በልጅነቴ የተማርኩትን ሕግ ጥሼ መሣሪያ ባለበት ቆሜ፣ እርሺ ያለችኝ ቦታ ላይ እረሳላታለሁ።

ታንሲ በተባባልነው ሰዓት ሳይሆን ቆይታ መጣች። የጓደኞቿን ቫን በሩ ላይ አቆመች፣ ጊታሯን በጀርባዋ አዝላ ገባች፣ ሳመችኝ። ከስታለች። አንገቷ ላይ ያለው አጥንት የሮንዳ ነው። «እማማ፣ ደስ አለሽ? ሰማሽኝ?» አለችኝ። «ሰማሁሽ፣ ማቀዝቀዣውም ሰምቶሻል፤ ከጠዋት ጀምሮ ኮርቶ ነው የሚንቀጠቀጠው» አልኳት። ሳቀች። ቦሎቄውን ከበቆሎ ዳቦው ጋር፣ ቀይ ሽንኩርቱን ከትፌ፣ አሬራውን በብርጭቆ አቀረብኩ። ሥጋ ስለተወች የአሳማውን ቁራጭ በማንኪያዋ ጫፍ እየለቀመች ሳህኔ ውስጥ ታኖርልኛለች፤ እኔም እንዳላየ እበላለሁ። ስለ ቫኑ ጎማ አወራን፣ የቲያትር ቤቱ ወንበሮች በአዲስ ጨርቅ እንደተሸፈኑ አወራን። ስለ ተዘጋው በር አላወራንም። ዓይኗ ወደዚያ ሲሄድ ተጨማሪ ዳቦ እቆርስላታለሁ፤ የኔ ሲሄድ እሷ አሬራ ትቀዳልኛለች።

ስንጨርስ ከቦርሳዋ አንዲት ሳጥን አወጣች። ላስቲክ ናት፣ ትንንሽ ክፍል ያላት፣ በየክፍሉ የቀን ስም የተጻፈባት። «ለኪኒኖችሽ ነው» አለችኝ፤ ዓይኔን ሳታይ። «የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። ከዚያ መጨነቅ የለም።» ኪኒኔ አንድ ብቻ ነው፤ የደም ግፊት። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ብዬ ተቀበልኳት። ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ ቀና አድርጌ አስቀመጥኩ። እሷም ያረጀ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ለመንገድ የምትይዘው ልስጣት ብዬ የተረፈውን ቦሎቄ መልሼ ምድጃው ላይ ጣድኩት፣ ሲሞቅ በጠርሙስ ላሽግላት።

«እንለማመድ» አለች። ወንበሯን አስጠጋች፣ ጊታሯን ጭኗ ላይ አደረገች። «ምንም አዲስ ነገር የለውም። የመጀመሪያውን ታወጫለሽ፣ ትቀበያለሽ። ሁለተኛውን ታወጫለሽ፣ እዚያ ላይ ታቆሚያለሽ። ልክ እንደዚያን ቀን።»

«እንደ ረሳሁት።»

«እንደ ረሳሽው። ፊትሽን ወደ ሕዝቡ አድርጊ፤ አትፈሪ። ሰዉ ይወድሻል፣ እማማ። ብዙው ሰው አያቱ የረሳችው ነገር አለ።»

ሞከርን። የመጀመሪያውን አወጣሁ፣ ተቀበልኩ። ሁለተኛውን አውጥቼ ዝም አልኩ። ጊታሯ ገባ። ለስላሳ ነው፣ ያምራል፣ ምን ላድርገው፤ ግን የሮንዳ ወንበር ላይ እንግዳ ሲቀመጥበት ያየሁ ያህል ሆነብኝና ትከሻዬ ዘለለ። ታንሲ ገመዶቹን በመዳፏ አፈነቻቸው። «ቸኮልሽ፤ ዝምታውን አሳጠርሽው። መጀመሪያ የቀዳሁትን ስሚው፤ ሬዲዮ ላይ ያለው የተስተካከለው ነው፣ ርዝመቱን አያሳይሽም» አለች። ስልኳን አወጣች፣ ሽቦውን ሰካች፣ አንዱን ማዳመጫ እኔ ጆሮ፣ አንዱን እሷ ጆሮ ላይ አደረገች። ራሶቻችን ተነካኩ። «ዝምታው ላይ ሹ... የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ፣ የእናቴ የኦክስጅን ማሽን ነው። አትረበሺበት። ስቱዲዮ ያለው ልጅ ለዘፈኑ ሲል አጽድቶታል። አንድም አልቀረ።»

እጄን ሽርጤ ውስጥ ከተትኩ። የዚያን ቀን ወጥ ቤት በጆሮዬ ገባ፤ ማቀዝቀዣው፣ ከመንገድ የአውቶቡስ ፍሬን፣ በሩ። ከዚያ ራሴን ሰማሁ። *ቀኑም አዘቀዘቀ።* ስቀበለው ሰማሁ። *ደጁ ላይ የቆመው፣ ስሜን ደጋገመ።* እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። እምላለሁ፣ ልናገር አልፈለግኩም። ሴት ነኝ፤ በኛ ቤተ ክርስቲያን ሴት አታወጣም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራዬ መቀበል ነው። ስንኝ ሲወጣ አፌ እኔን አይጠይቅም። ከማዳመጫው ስንኝ ወጣ፣ አፌ ተቀበለ። በቀስታ፣ ለራሴ፣ እየጎተትኩ። ያ ሹ... የሚለው ድምፅም አብሮኝ ሄደ። እኔ ስጎትት ጎተተ፣ እኔ ሳርፍ አረፈ። ‹ስሜን› የሚለው ላይ ስደርስ ወደ ላይ ሰበርኩት፤ እሱም፣ ያ ትንፋሽ፣ ከኔ ጋር እኩል፣ ወደ ላይ ተሰበረ።

ማሽን ድምፅ አይሰብርም።

ታንሲ አልተንቀሳቀሰችም። የራሷ ሙቀት ግንባሬ ላይ ነው። ጣቷ ስልኩን ነካና ወደ ኋላ መለሰችው። እንደገና ስንኙ ወጣ። አሁን አፌን በእጄ ያዝኩት፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ የረፈደ ነገር ነው። ትንፋሹ ብቻውን ሄደ፣ ብቻውን ተሰበረ። ሬዲዮ ላይ ያ ሰውዬ ከማን ወሰድሽው ያላት ያው ራሱ ነው፤ በጉሮሮዋ ስንት መድረክ ላይ የዞረችበት። ለሦስተኛ ጊዜ መለሰችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ አላወጣችም፣ ግን ‹ስሜን› ላይ አገጯ ቀና አለ። ከዚያ ወደ ተዘጋው በር ዞረች። ከበሩ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ወለሉ፣ ያን ቀን የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ዓይኗ ቀረ።

«ታንሲ» አልኳት። «የኔ ልጅ። ልጠራሽ ነበር። አፌን ስከፍት...» ሕይወቴን ሙሉ ሌላ ሰው ካወጣልኝ በኋላ ነው የምናገረው፤ ይሄን ደግሞ የሚያወጣልኝ አልነበረም።

ማዳመጫውን ከኔ ጆሮ እሷው አወጣችው፣ ቀስ ብላ፣ የጆሮ ጌጤን እንዳይነካ ተጠንቅቃ። ሽቦውን ስልኩ ላይ ጠመጠመችው፣ እናቷ ከሥራ ስትገባ የአንገት ልብሷን ትጠቀልለው እንደነበረው እየደረበች፣ እየደረበች። ጊታሯን ከጭኗ አንስታ ወንበሩ ላይ አስደገፈችው። ያኔ ነው የሚያር ነገር የሸተተኝ። ቦሎቄው። ምድጃው ላይ ጥጄው ረስቼዋለሁ፤ የእውነት ረስቼዋለሁ፤ ጭሱ እስከ ጣሪያው ወጥቷል፣ ማሰሮው ሥሩ ጠቁሯል።

ታንሲ ተነሳች። ስልኩን ደረቷ ላይ እንደያዘች ወደ ምድጃው ሄደች፣ እሳቱን አጠፋች፣ መስኮቱን ከፈተችልኝ፤ ከዚያ ጊታሯን ወንበሩ ላይ እንደተደገፈ ትታ በመንገዱ በር ወጣች።